ከጀልባው በታች

የዶምባ ሰው ማዶ ጉዳይ ሲኖረው ሐይቁን ዞሮ ይሄዳል። ጎህ ሲቀድ የተነሣ ሰው ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። በመሐል የተዘረጋውን ነጭ ሜዳ ቀጥ ብሎ ቢሻገረው ቁርሱን በልቶ ተነሥቶ ለምሳ በደረሰ ነበር። ግን ማንም አይሻገረውም፤ ሐይቅ ነዋ።

ውኃው ከደረቀ ትውልድ አልፏል። የሰፈሩ ልጆች ኳሳቸው ከዳርቻው ጠጠር አልፋ ወደ ሜዳው ከተንከባለለች «ሰጠመች» ብለው ወደየቤታቸው ይገባሉ። የዓሣ ማስገሪያ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል። «መዋኘት ክልክል ነው» የሚለው ሰሌዳ በደበዘዘ ቁጥር ቀለም ይቀባል። ወደ ዳርቻው የሚወርድ ሁሉ ብርቱካናማ የሕይወት አድን ጃኬት መልበስ አለበት፤ ያልለበሰውን የማማው ዘብ በፊሽካ ይመልሰዋል። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ይስቅ ነበር ይባላል። ኋላ ግን ተለመደ።

ነገሩ የመጣው መንግሥት ቁጭ ብሎ «የኔ የሆነው ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ጊዜ ነው። መብራቱም፣ ባቡሩም፣ አውራ ጎዳናውም በረጅም ኪራይ ወደ ሌላ እጅ ካለፉ ቆይተዋል። አበዳሪዎች «የቀረህን አሳየን» ሲሉት ተራራውን፣ ወንዙንና ሐይቁን አሳየ። ዶምባም በመያዣነት ተመዘገበ። ሲመዘገብ ውኃ ነበረው፤ ሲደርቅ ግን ከመዝገቡ የሚያወጣው አልተገኘም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በውሉ ላይ ሐይቅ ማለት የሰው ኮቴ፣ የጎማ ዱካና የእርሻ ትልም የማይታይበት ዝርግ ወለል ማለት ነበር። ኮቴውን የሚፈልገው በየቀኑ በሰማይ የሚያልፈው ሳተላይት ነው። የዶምባ ሰው «ዓይኑ» ይለዋል፤ ስሙን ሲጠራም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ወይዘሮ ሔራን ኑሮዋ ከጃኬቶቹ ነበር። የተቀደደውን ትሰፋለች፣ ስፖንጁ ያለቀበትን ትሞላለች፣ ዘለበቱ የወለቀበትን ትቀይራለች። ባል አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ አልወለደችም። ከዳርቻው አጠገብ ባለው ቤት ከእናቷ ከእማማ ቃልኪዳንና ከታናሽ ወንድሟ ከኪሩቤል ጋር ትኖር ነበር። ኪሩቤል ባትሪ ጠጋኝ ነው። ቁመቱ ከበር ጉበን ይበልጣል፤ ሲገባና ሲወጣ ጎንበስ ማለትን ከልጅነቱ ጀምሮ ለምዶ፣ ሜዳ ላይም አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ሔራን «በሰማይ ላይም በር አለ እንዴ?» እያለች ትቀልድበታለች።

በሰኔ የእማማ ቃልኪዳን የግፊት መድኃኒት አለቀ። አሮጊቷ ፊታቸው አብጦ፣ ምላሳቸው ተሳስሮ አደሩ። ሐይቁን ዞሮ መድኃኒት ይዞ ለመመለስ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሔራን ጎረቤት ልመና ወጥታ ስትመለስ ኪሩቤል የለም፤ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ጃኬቶች አዲሱ የለም። ወደ ዳርቻው ሮጠች። በነጩ ሜዳ ላይ አንድ ብርቱካናማ ነጥብ ወደ ማዶ ይሄዳል። ዘቡ ፊሽካውን እስኪደክመው ነፋ። ነጥቡ ሐይቁ መሐል ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም።

ከነጩ ቅርፊት ሥር ጭቃ አለ። ከላይ ደረቅ ይመስላል፤ ቅርፊቱ ሲሰበር እስከ ወገብ ይይዛል። የያዘውን ደግሞ አይለቅም። ሔራን ለመግባት ብትሞክር ዘቡና ጎረቤቶቿ ያዟት። ያን ቀን ሙሉ ፀሐዩ ሜዳው ላይ ነደደ። በማግስቱም ነጥቡ እዚያው ነበር፤ ቆሞ። መድኃኒቱን በሦስተኛው ቀን የእድሩ ዳኛ ጋሽ ባሮክ ሐይቁን ዞረው አመጡት። እማማ ቃልኪዳን ዳኑ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸውም «ኪሩቤል የታል?» የሚል ነበር።

ከቀበሌ የመጣው የሞት ማስረጃ «በዶምባ ሐይቅ ሰጥሞ» ይላል። በሐይቅ መሐል የሞተ ሰው ሌላ የሚጻፍለት ቃል አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ቃልኪዳን በራፉ ላይ በርጩማ አውጥተው ፊታቸውን ወደ ሜዳው አድርገው መቀመጥ ጀመሩ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ልጃቸውን ጠርተው «ውኃው ቀርቧል፣ አይሰማሽም?» አሏት። ሔራን ጆሮዋን ጣለች። ነፋሱ ብቻ ነው የሚሰማው። እናቷን ፈራቻቸው፤ ከዚያም በመፍራቷ አፈረች።

ሳምንት ሳይሞላ ከዋና ከተማ ሰው መጣ፤ ግን ለኪሩቤል አልነበረም። ዓይኑ በሐይቁ ላይ አንድ ብርቱካናማ ነገር አይቶ፣ አበዳሪዎቹ ደግሞ «ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀዋል። የንብረት ኮሚሽኑ መልስ መስጠት አለበት። የመጣው ሰው አቶ ዘውገ ይባላል፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ እንቅልፍ ያጣ ወጣት ነው። በዚያ ዘመን የወላጆች ፋሽን ወደ ቅድመ አያት ስም ተመልሶ ነበርና፣ ሽማግሌዎቹ እነባሮክ፣ ወጣቶቹ እነዘውገ ሆነዋል።

ሕዝቡ በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበ። አቶ ዘውገ ከሔራን ፊት ቆሞ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«ወይዘሮ ሔራን፣ ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው» አለ። ቀጥሎም ሐይቅ አደገኛ እንደሆነ፣ ያለ ጀልባ መግባት ለሞት እንደሚዳርግ አስረዳ። ለቀባሪው አረዱት ይባላል፤ ሔራን ግን ቀባሪ ለመሆን እንኳ አልታደለችም።

«ወንድሜ አልሰጠመም» አለች። «የለበሰውን ጃኬት የሰፋሁት እኔ ነኝ። እኔ የሰፋሁትን የለበሰ ሰው አይሰጥምም። ቆሞ ነው የሞተው። መሬት ላይ ቆሞ ነው የሞተው።»

ይህን ቃል በአደባባይ የተናገረ ሰው አልነበረም። በሐይቁ ላይ የቆመ ሰው ካለ ሐይቅ የለም፤ ሐይቅ ከሌለ ደግሞ «የሐይቅ ዳር» የሚለው የዳርቻው ቤቶች የይዞታ ወረቀት ዋጋ የለውም፤ በዶምባ ከዳርቻው ሌላ ቦታ ቤት ያለው ሰው ጥቂት ነው። አንዳንዶቹ ሔራንን በቁጣ አዩአት። ሌሎቹ እግራቸውን አዩ።

አቶ ዘውገ ብዙ ካሰበ በኋላ «ትክክል ነዎት፣ ማስረጃው ይታረማል» አለ። «ጃኬት ከለበሰ አልሰጠመም። ተንሳፍፏል።»

«ምን ማለት ነው?»

«በሕጉ መሠረት ያለ ተቆጣጣሪ በሐይቅ ላይ የሚንሳፈፍ ማንኛውም ነገር የመንግሥት ንብረት ነው። ለጠየቁን ሰዎች ይህንኑ እንመልሳለን። አስከሬኑ ባለበት ይቆያል፤ ማንም በእግሩ ገብቶ ሊነካው አይችልም።»

ጋሽ ባሮክ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። በሐይቁ የመጨረሻ ዘመን ዓሣ አስጋሪ የነበሩ፣ የሰፈሩን ሙታን ሁሉ ያስቀበሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ ዘውገ» አሉ፣ «ስለ ንብረት ልትነግረን ነው የመጣኸው። እስቲ መንግሥት ከዚህ ሐይቅ ምኑ ነው የራሱ? ውኃው እንዳይባል የለም። ጭቃው እንዳይባል እናንተም አትረግጡት። ዓሣው እኔ ወጣት ሳለሁ አለቀ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ እኮ ነገራችሁ።»

ሰዉ ሳቀ። አቶ ዘውገም ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ወዲያው ጠፋ።

«ጋሽ ባሮክ፣ እኛም ኮሚሽኑ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ስንከራከር ዓመታት አልፈዋል። አንዱ ውኃው ነው ይላል፣ አንዱ መሬቱ ነው ይላል። እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ አንድ ነገር የእኔ የሚባለው ሌላው እንዳይነካው ማድረግ ስችል ነው። ዶምባን ማንም አይነካውም። ስለዚህ የእኛ ነው።»

«እንግዲያስ የእናንተ የሆነው ሐይቁ አይደለም» አሉ ጋሽ ባሮክ። «የእኛ አለመንካት ነው።»

አቶ ዘውገ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ፊት ለፊቱ ለነበረችው ለሔራን ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ሌላ የለንም» አላት። «እውነቴን ነው። ይሄ ከወጣ በምትኩ የምናሳየው ሌላ ነገር የለንም።» ከዚያ ሊሄድ ሲነሣ፣ ለቀልድ ይሁን ለደግነት ሳይታወቅ፣ «በጀልባ ሄዳችሁ ብታወጡት ግን ሕጉ አይከለክላችሁም» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ እድሩ በጋሽ ባሮክ ግቢ ተሰበሰበ። እማማ ቃልኪዳን ተደግፈው መጡ። «ልጄን አፈር አልብሱልኝ» አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም። የዶምባ እድር ሰው ሳይቀብር ቀርቶ አያውቅም። የሰው አገር ሰው ሞቶ ዘመዱ ባይታወቅ እንኳ ይቀብራል። አሁን አንድ አባላቸው በዓይናቸው እያዩት፣ ቆሞ፣ አሞራ እየዞረው ነው። ኀፍረቱ ከሐዘኑ አልተናነሰም።

«ጀልባ አለን» አሉ ጋሽ ባሮክ።

የአስጋሪዎች ማኅበር ጀልባ በመጋዘን ውስጥ ተደፍቶ ጫጩት ይፈለፈልበት ነበር። ጠርገው አወጡት። ሥሩ ሁለት አጠና በቁመት አሰሩ። የእድሩን ድንኳን ግራና ቀኙ ላይ ወጥረው እስከ መሬት አንጠለጠሉት። ሃያ ሰው ከሥሩ ገብቶ እንደ ቃሬዛ በትከሻው አነሣው። ቅርፊቱ ከእግሩ ሥር የተሰበረበት አጠናውን ይዞ ይንጠለጠላል፤ የቀሩት ይዘውት ያልፋሉ። ትከሻ እንዳይላጥ ሔራን ለእያንዳንዳቸው ጃኬት አለበሰቻቸው። ከኋላ የዓሣ መረብ በድንጋይ አክብደው አሰሩበት፤ መረቡ እየተጎተተ ኮቴውን ይጠርጋል። ከላይ ለሚያይ፣ ሸራ ያለው አንድ ጀልባ ከኋላው ውኃውን እየሰነጠቀ ይሄዳል። ሰዉ በዚህ ብልሃት ደስ አለው፤ ለቅሶ መሆኑን እስኪረሳ ድረስ ደስ አለው።

ሔራን ከላይ ተቀመጠች፤ ሬሳ የሚያወጣ ዘመድ መኖር አለበትና። ከሥሯ ድንኳኑ ውስጥ የሰዎቹ ትንፋሽ ይሰማታል። በዶምባ ቃሬዛ የያዘ ሰው ሲደክመው «ተቀበሉኝ» ይላል፤ ከኋላ ያለው ትከሻውን ያስገባል፤ የተለቀቀውም ዞሮ የተቀበለውን አያይም። ማን እንዳገዘው ካየ ብድር ይሆናል ይባላል። ያን ቀንም መንገዱን ሁሉ «ተቀበሉኝ»፣ «ተቀበሉኝ» የሚል ድምፅ ከሥር ሲመጣ፣ ጀልባው በእያንዳንዱ ለውጥ ይዋዥቅ ነበር። ሔራን ሳታስበው የጀልባውን ጠርዝ ጨብጣ እንደነበር ያወቀችው ጣቶቿ ሲያሟት ነው።

ኪሩቤል እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ነበር። ፀሐዩ አድርቆት አልሸተተም። አንገቱን ደፍቷል፣ ሁልጊዜ እንደሚደፋው። ሔራን አለቀሰች፤ ከድንኳኑ ሥር ያሉትም ሳያዩት አለቀሱ። ከላይ ሆና ገመድ በብብቱ ሥር አሳለፈች፤ ከሥር ያሉት ጎተቱት። ወጣ። የግራ እግሩ ጫማ ግን ቀረ።

ቀብሩ በሥርዓቱ ተፈጸመ። ማታውን ግን እማማ ቃልኪዳን ጫማው እንደቀረ ሰሙ፤ «ባንድ እግሩ አይሄድም» ብለው እህል አልቀምስ አሉ። እናት እንዲህ እያለች ማን እምቢ ይላል? በሠልስቱ ጀልባው እንደገና ወጣ፤ ጫማውንም አመጡ። በአርባው ደግሞ የሞተበት ቦታ ላይ ጸሎት መደረግ አለበት ተባለና፣ ቄሱን ከላይ አስቀምጠው ለሦስተኛ ጊዜ ወጡ። ልማድ ነው፤ ማንም ክፉ አላሰበም።

በመስከረም አቶ ዘውገ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ እንቅልፍ የጠገበ ይመስል ነበር። ስብሰባውን በምስጋና ጀመረ። ዓይኑ በዶምባ ሐይቅ ላይ ጀልባ አይቷል፤ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ። አንዴ ቢሆን አጋጣሚ ነው፤ ሲደጋገም መስመር ይባላል። አበዳሪዎቹ ደስ ብሏቸዋል፤ የሐይቁ ግምት ከፍ ብሏል። ከእንግዲህ ዶምባ በመዝገቡ ላይ መደበኛ የጀልባ መጓጓዣ ያለው ሐይቅ ነው።

«እና?» አሉ ጋሽ ባሮክ።

«እና መስመሩ ሊቋረጥ አይችልም።»

«ለቅሶ ነበር እኮ፣ ልጄ። ለቅሶ አለቀ።»

አቶ ዘውገ አንገቱን ደፋ። «ጀልባው ያልወጣበት ቀን ለምን እንዳልወጣ ይጠይቁናል። ምን እንበላቸው? ጀልባውን የተሸከሙት ሰዎች ሊቀብሩ ነበር እንበላቸው?»

ተከራካሪ አልጠፋም፤ ግን ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ኮሚሽኑ አዲስ ደንብ ማውጣት እንኳ አላስፈለገውም። ከቀብር የቀረ አባል የሚቀጣበት የእድሩ የራሱ ደንብ ነበር፤ ማኅተም ብቻ ጨመሩበት። የሔራንን ወንድም አፈር ለማልበስ ብለው ያነሡትን ሸክም ማውረጃ አጥተዋል፤ «አልሰጠመም» ብላ ነገሩን ያነሣችው ደግሞ እሷ ነበረች።

ስለዚህ አሁን ዶምባ ማለዳ ላይ እንዲህ ነው። ጡሩንባ ይነፋል፤ ድሮ ሰው ሲሞት ብቻ የሚነፋው ጡሩንባ ነው። ተረኞቹ ጃኬታቸውን ለብሰው ይወርዳሉ። ማዶ ጉዳይ ያለው ከላይ ይቀመጣል፤ ጤና ጣቢያውም ቀረበ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከላይ ያሉት ያወራሉ፣ ይበላሉ፣ አንዳንዱም ያቅለሸልሸዋል። ከሥር ያሉት አያወሩም። በጀልባና በሐይቅ ወለል መካከል የሚሄድ ሰው ውኃ ውስጥ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ነገሩ አይነሣም። ወንዶቹ ሲደክሙ ሴቶች በተራ ገቡ። ሔራንም ትከሻዋ ጠነከረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስትመለስ እናቷ በርጩማቸው ላይ ነበሩ። ጃኬቷን አውልቃ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ያ ክርክር እንዴት አለቀ?» አሏት። «መንግሥት ምኑ ነው የራሱ ተባለ?»

ሔራን የተላጠውን ትከሻዋን በመዳፏ ሸፈነች። «ይቺ ናት መሰለኝ፣ እማዬ።»

እማማ ቃልኪዳን ጎንበስ ብለው የጃኬቱን ጫፍ ዳበሱ፤ ጣቶቻቸውንም እርጥበት እንደሚፈልጉ ሁሉ ለብርሃን ከፍ አድርገው አዩ። «አሁንስ ይሰማሻል?» አሉ።

«ምኑ?»

«ውኃው ነዋ።»

ሔራን «አይሰማኝም» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለእናቷ ዋሸች።

በማግስቱ የኋለኛው ጫፍ ተራ ደረሳት። ያ ቦታ ከባድ ነው፤ ከኋላው ከመረቡ በቀር ማንም የለም፤ የሚቀበል ሲያስፈልግ ከመሐል ሰው መጠራት አለበት። ቀትር ሲቃረብ ሐይቁ መሐል ደረሱ። ድንኳኑ ውስጥ ጨለማ ነው፤ ላብና የደረቀ ጭቃ ይሸታል። እዚህ ቦታ ሲደርሱ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ሁሉም እርምጃውን ቀስ አደረገ። ሔራን ሸክሙን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ብታዛውርም አልቀለላትም። ከፊቷ ያለው ሽማግሌ ከእሷ የባሰ ያቃስታል፤ እሱን መጥራት ነውር ነው። ከላይ አንድ ተሳፋሪ ይስቃል።

«ተቀበሉኝ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን፣ በለሆሳስ።

ሸክሙ ከትከሻዋ ተነሣ። በእጅ የተያዘ አልነበረም፤ ከእሷ በጣም የሚረዝም ሰው ትከሻ ከሥሩ የገባ ያህል ጀልባው በኋላ በኩል ከፍ አለ፤ ከላይ የሚስቀውም ዝም አለ። ከጀርባዋ ሁለት እግሮች ቀስ እያሉ ይረግጣሉ፤ ሁለቱም ጫማ አድርገዋል፤ ሲረግጡም ውኃ ይንቦጫረቃል። ሔራን እጇን ወደ ትከሻዋ ሰደደች። ጃኬቱ እርጥብ ነበር።

ማን እንዳገዛት ካየች ብድር ይሆናል። ፊቷን ወደ ማዶ አድርጋ፣ እንደ ልማዱ፣ ዞራ ሳታይ ሄደች።